ስድስት ቁልፍና አንድ ወንበር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ብሎኬት አሰርኩ። ብሎኬት ፈታሁ። አቧራ ዋጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተራ ቀን ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎርማኑ ከወንበሩ ሳይነሳ በጣቱ ጠራኝ። መቼስ ከዚያ ወንበር አይነሳም። ነጭ የላስቲክ ወንበር ናት፤ ጥላው በዞረ ቁጥር ተሸክሟት አብሮ ይዞራል። ሌላ ሰው ከተቀመጠባት ሳይቱ ይቀወጣል።

«ስማ ጭጭ፣ ምልክት ሰጪው ሥራ ለቋል። ከነገ ጀምሮ ሬዲዮውን አንተ ትይዛለህ።»

ጭጭ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሌላ ነው፤ ግን ሳይቱ ላይ የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለምን እኔ? ጭነት ማሰር አውቃለሁ፣ እሺ። የእጅ ምልክቱንም አንድ በአንድ አውቃለሁ። ሬዲዮ ግን... ሬዲዮ ላይ መናገር አለ። የመናገሪያውን ቁልፍ ስጫን ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ይሰማኛል። ያንን ሳስብ ምላሴ ይተሳሰራል። አንዴ ተውሼ ሞክሬ ነበር። «እሺ» ልል ጀምሬ «እ» ላይ ቀረሁ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት።

«ታዲያ እምቢ አትላቸውም ነበር?»

እምቢ ለማለትስ መናገር አይጠይቅም?

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

አዲሱ ሥራዬ እንዲህ ነው። ክሬኑ የቆመው ከሕንፃው ፊት ለፊት ነው፤ ጭነቱ የሚወርደው ደግሞ ከጀርባ። ኦፕሬተሯ ጀርባውን አታይም። የሚያይላት ምልክት ሰጪው ነው። ሬዲዮ ላይ እሷ «ላይ» ትባላለች፣ እኔ «ታች»። ጭነቱ እየወረደ ሳለ «ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ» እያልኩ ሳላቋርጥ ማውራት አለብኝ። ድምፄ ከጠፋ እሷ ወዲያው ታቆማለች። ሕጉ ነው። ዝም ካልኩ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ ነው ለእኔ የሰጡት። ለጭጭ።

«ታች፣ ታች፣ ላይ ነኝ። ትሰማኛለህ?»

ቁልፉን ተጫንኩ። አየር ሳብኩ። ለቀቅኩት።

«ታች፣ ነፋስ ነው መሰለኝ የሚሰማኝ። እስቲ ድገምልኝ።»

ነፋስ አልነበረም...

አንድ ጭነት ብሎኬት ለማውረድ ረፋዱ አለቀ። «ዝቅ» እላለሁ፣ ቀጣዩ ይጠፋብኛል፣ እሷ ታቆማለች። ብሎኬቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ፎርማኑ ከወንበሩ ሆኖ «ምነው፣ ብሎኬቱ እዚያው ጡረታ ሊወጣ ነው እንዴ?» ሲል ሳይቱ በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ሰው ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር።

እሷ ግን አልሳቀችም። «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ» አለችኝ። ፊቷን በቅርብ አይቼው አላውቅም። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትወጣለች፣ ምሳዋን እዚያው ትበላለች፣ ማታ ሁላችን ከሄድን በኋላ ትወርዳለች። ድምፅዋ ደስ ይላል። ይኸው ነው... ደስ ይላል።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

አዳዲስ ሬዲዮዎች መጡ። ያመጣቸው ቴክኒሽያኑ ነው፤ ባትሪ እንለዋለን፣ ወሬው ስለማያልቅ።

ጎናቸው ላይ ስድስት ቁልፎች አሉ፣ ባዶ። ፕሮግራም ይደረጋሉ አለ። አንዱን ስትጫን መስመር እንዲቀይርልህ፣ አንዱን ስትጫን ድምፅ እንዲጨምርልህ ማድረግ ትችላለህ...

«ከፈለግህ ደግሞ ድምፅህን ትቀዳበታለህ። ከዚያ ስትጫነው እሱ ያወራልሃል።»

«ማ?»

«ሬዲዮው ነዋ።»

«በእኔ ድምፅ?»

«ታዲያ በጎረቤት ድምፅ ሊያወራልህ ኖሯል? ቆይ ቆይ... አንተ ዛሬ ስንት ቃል ተናገርክ?»

ማክሮ የሚሉትም አለ። ቁልፉ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ትዕዛዝ በተራ በተራ ታስገባበታለህ። መስመሩን ራሱ ይቀይራል፣ ራሱ ይከፍታል፣ የቀዳኸውን አከታትሎ ያሰማል፣ ራሱ ይዘጋል። «አንዴ ተጭነህ እጅህን ማጣጠፍ ብቻ ነው» አለ ባትሪ።

አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ሬዲዮውን ቤት አመጣሁት። መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቆለፍኩ። ብቻዬን ስሆን እኮ አፌ ይፈታል። ማን ያምናል? መስተዋቱ ብቻ።

አንደኛው ቁልፍ ላይ «ላይ፣ ታች ነኝ። እንደምን አደርሽ? እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?» ብዬ ቀዳሁ። ደጋግሜ ቀዳሁት። አንዴ እንደ ዜና አንባቢ ሆነብኝ፣ አንዴ እንደ ለማኝ። ሁለተኛው ላይ «እሺ፣ ተረድቻለሁ» አልኩ። ከዚያ «ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ»፣ ከዚያ «ከፍ»፣ ከዚያ «ቁሚ»። ለስድስተኛው ምን እንደምል ጠፋኝና «በጣም ጥሩ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ጨዋ ሰው ነኝ።

እማዬ በሩን እየደበደበች ነበር። ምን እንደምትል ልብ አላልኩም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

አንደኛውን ተጫንኩ።

ከዚያ «ታች... አንተ ነህ?»

ሁለተኛውን ተጫንኩ። «እሺ፣ ተረድቻለሁ።»

«አየሩ ጥሩ ነው። እስከ ዛሬ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ብሎኬቱ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዋለ፤ ዝቅ፣ ቁሚ፣ በጣም ጥሩ፣ አመሰግናለሁ። ፎርማኑ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ «ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው?» ይላል። ምንም አልነካኝም። እኔ ነኝ ቁልፍ የነካሁት።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ስድስት ቁልፍ ለሥራ ይበቃል። ለጨዋታ ግን...

«ታች፣ ምሳ በላህ?»

«እሺ፣ ተረድቻለሁ።»

«ኧረ ምሳ በላህ ወይ ነው የምልህ።»

«በጣም ጥሩ፣ አመሰግናለሁ።»

«ምን በላህ?»

ቁልፎቹን አየኋቸው። እነሱም አዩኝ። ዝም ከምል ብዬ ሦስተኛውን ተጫንኩት። «ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ።»

ባዶው መንጠቆ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መውረድ ጀመረ። ቁሚ! ቁሚ! አምስተኛው የቱ ነበር? አገኘሁት።

ሳቀች። ሳቋ ሬዲዮ ውስጥ ሲመጣ ይቆራረጣል። ቢሆንም ሳቅ ነው።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጠዋት እንደ ልማዴ አንደኛውን ተጫንኩ። እንደምን አደርሽ፣ አየሩ እንዴት ነው።

«አየሩ ደህና ነው። ታች፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«እሺ፣ ተረድቻለሁ።»

«ሳሙናው ተገኘ?»

...ምን ሳሙና?

«ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ ስትለኝ ከኋላህ አንድ እናት 'ሳሙናውን የት አደረግከው?' ይሉሃል። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ሲፈልጉ ሰነበቱ። አሁንስ እኔንም አሳሰበኝ።»

ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ሰማ። የኮንክሪቱ ሰዎች ባሬላ ጥለው ሳቁ። ከብረቱ ክምር ኋላ ሄጄ ሬዲዮውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩት። አለች። እማዬ፣ ከእኔ ይልቅ ጥርት ብላ።

ስለዚህ ታውቃለች ማለት ነው። ገና ከመጀመሪያው ሳምንት የምታወራው ከቁልፍ ጋር እንደሆነ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ዝም ብላ ታወራኛለች?

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ትናንት ማታ ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «እኔን በሠራተኛ ሁሉ ፊት በሳሙና ታዋርደኛለህ?» ቆየችና ደግሞ «ልጅቷ ምን አለች አልከኝ? አሳሰበኝ አለች? ... ጨዋ ልጅ ናት።»

እንደገና ይቀዳ አለች። ገብታ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሻሽ ቀይራ መጣች።

«እማዬ፣ ሬዲዮ እኮ ነው፤ አያሳይም።»

«ድምፅ ላይ ያስታውቃል። ዝም ብለህ ቅዳ።»

ዛሬ ጠዋት አንደኛውን ስጫን ለሳይቱ ሁሉ የተሰማው ይኸው ነው፦ እንደምን አደርሽ፣ አየሩ እንዴት ነው... ቀጥሎ እማዬ፣ «ሳሙናው ተገኝቷል ልጄ፣ አታስቢ።»

የላይ ሳቅ ተቆራርጦ መጣ። በኋላ «ለእናታችን ሰላም በልልኝ» አለች። እናታችን አለች! ... ሰው ዝም ብሎ እንዲህ ይላል መሰለኝ። ይላል አይደል?

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ጠዋት ጠየቀችኝ፦ «ታች፣ ቁልፍ የሌለው ነገር ብጠይቅህ ምን ትሆናለህ?»

«እሺ፣ ተረድቻለሁ» አልኳት በቁልፍ። ሰው ጥያቄ ሲፈራ ምን ያደርጋል? እኔ ማክሮ ሠራሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጭነቱ የሚነሳው ከአንድ ቦታ፣ የሚያርፈውም አንድ ቦታ። እሷም ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ነው የምታወርደው። ታዲያ ምኑን ሙሉ ቀን ቁልፍ ለቁልፍ እዘላለሁ? ጠቅላላ አወራረዱን ሦስተኛው ቁልፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ አስገባሁት። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ... ቀስ... ቀስ... ቁሚ። በጣም ጥሩ፣ አመሰግናለሁ። አንዴ መጫን፣ እጅ ማጣጠፍ፣ ብሎኬቱን ቁጭ ሲል ማየት። ምልክት ሰጪ ሳልሆን ሚኒስትር መሰልኩ።

ባትሪ ስለ ማክሮው ሊያስጠነቅቀኝ አንድ ነገር ጀምሮ ነበር። ወሬው ስለማያልቅ ጥዬው ሄድኩ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ወንበሯ አረፈች።

ሰው አልተጎዳም። ይህን ቀድሜ ልጻፍ።

የሴራሚክ ጭነት ነበር። ሦስተኛውን ተጫንኩ፣ እጄን አጣጠፍኩ። ዝቅ፣ ዝቅ... ዘወር ስል ጥላው ዞሯል። አካባቢው ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላ ፎርማኑ ጥላውን ተከትሎ፣ ወንበሩን ልክ ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ መሃል አስቀምጧል። ስልኩ ጠርቶት ተነስቶ ወደ በሩ እያወራ ይሄዳል። ወንበሯ ግን እዚያው።

የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሬዲዮው «ቲጥ» አለኝ። እንደገና ተጫንኩ። «ቲጥ።» መስመሩ ተይዟል። ማን ያዘው? እኔ! የተቀዳው እኔ እያወራ ነው፤ እሱ ሳይጨርስ እውነተኛው እኔ መግባት አልችልም። ባትሪ ሊነግረኝ የነበረው ይህን ኖሯል።

አምስተኛውን ተጫንኩ። «ቲጥ።» በአፌ ልጮህ... የኮንክሪት ማደባለቂያው ያጓራል፣ እሷ ሕንፃው ማዶ ሰማይ ላይ ናት። እጄን አወራጨሁ፣ ለማን? ሬዲዮው ደግሞ በተረጋጋ፣ በሚያምር ድምፄ፦ ቀስ... ቀስ...

ወንበሯ መጀመሪያ እግሯን ከፈተች። ከዚያ አንድ ድምፅ አሰማች። ከዚያ ወረቀት ሆነች።

«ቁሚ። በጣም ጥሩ፣ አመሰግናለሁ።»

ፎርማኑ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ። ጭነቱን አየ። እኔን አየ። «በጣም ጥሩ ነው ያልከው?» አለኝ።

ስልኩ ባይጠራስ? ... አልጽፈውም።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

የደኅንነት ኃላፊው መጣ። ሴፍቲው ነው የምንለው። በሬዲዮ ላይን ጠየቃት፣ ሁላችንም እየሰማን።

«ለምን አላቆምሽም?»

«ድምፁ እየቀጠለ ነበር። ድምፁን አምኜ ነው።»

ድምፁን አምኜ ነው አለች። እንዴት እንደወረደብኝ አልነግርም። ስታምነኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ እጄን አጣጥፌ ቆሜያለሁ። «የእሷ ጥፋት አይደለም፣ ቁልፉ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። «ቁ...» ብቻ ወጣ። ያቺኑም ሴፍቲው በደንብ ተረዳት፤ ሬዲዮውን ተቀብሎ ለባትሪ ሰጠው። ባትሪ ፊቴ ላይ የቀዳኋቸውን አንድ በአንድ አጠፋቸው። የእማዬን ጭምር። በሕይወቴ ባትሪን ዝም ብሎ ያየሁት ዛሬ ነው።

ከእንግዲህ ምልክት ሰጪ በራሱ አፍ ይናገራል ተባለ። የፊታችን ሰኞ ፈተና አለብኝ። ትልቁ የውሃ ታንከር በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ይወርዳል፣ ላይ ምንም አታይም፣ እኔ እመራታለሁ። ካልቻልኩ ወደ ፌሮ መጋዘን እወርድና ሌላ ምልክት ሰጪ ይመጣል።

ከወር በፊት ቢሆን መጋዘኑ ገነት ነበር። ፌሮ አያናግርም። አሁን ግን... አሁን ፌሮ እንደምን አደርክ አይልም ብዬ ተከፋሁ። እዚህ መቅረት እፈልጋለሁ። ከዚያች ድምፅ ጋር መቅረት እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ጮኸ።

«ታች፣ ወደ ትርፉ መስመር ና። እዚያ ማንም አይሰማም።»

ሄድኩ።

«ስለ ወንበሩ አትጨነቅ። አሁን የሚታይህን ንገረኝ።»

ተጫንኩ። አየር... «አሸዋ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«...ሌላ አሸዋ።»

«እሺ፣ ከሁለቱ አሸዋ የትኛው ይበልጣል?»

እየቀለደችብኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። የግራው ይበልጣል አልኩ። ለምን አለች። የቀኙ ላይ አንዲት ድመት እየቆፈረች ስለምታንሰው አልኩ። ይህ ሁሉ ከአፌ ወጣ! ድመቷ እስክትጨርስ ነገርኳት።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ዛሬ እሷ አወራች። ከላይ ወፎችን ከጀርባቸው ነው የማያቸው አለች። የሰው ጣሪያ ላይ የተረሳ ጫማ፣ ኳስ፣ የተሰጣ ልብስ አያለሁ አለች። ያየሁትን የምነግረው ግን የለኝም አለች። የበፊቱ ምልክት ሰጪ «ዝቅ!»፣ «ከፍ!»፣ «ተኝተሻል እንዴ!» ብቻ ነበር የሚላት።

«አንተ እንደምን አደርሽ ስትለኝ የተቀዳ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ግን... አንድ ሰው ለእኔ ብሎ ቁጭ ብሎ ቀድቶታል አልኩ። ስንቴ ሞከርከው?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ያስታውቃል» አለችና ሳቀች። «ሰኞ ዕለት ቃል ከጠፋህ አታቁም። ካቆምክ እኔም አቆማለሁ፤ ነፋሱ ደግሞ ታንከሩን ያላጋዋል። የመጣልህን በል። አሸዋም ቢሆን በል።»

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ምን ዓይነት ሰው ነው ቅዳሜ ሲመሽ ሰኞ በደረሰ ብሎ የሚከፋው፣ ደግሞ ሰኞ ባልደረሰ ብሎ የሚሰጋው?

ኅዳር 1፣ እሑድ

እማዬ ክሬን ሆነች። ራሷ ናት ያለችው። ዓይኗን በሻሽ አስሬ የልብስ ማጠቢያ ሳህን አሸከምኳት፤ ከጓዳ እስከ በር በድምፅ መራኋት። «ወደ ግራ... ትንሽ... ቀስ... አሁን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ...»

«ኧረ ወገቤን! ይህቺን ልጅ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምታደርጋት?»

«ቁሚ።»

«ቁሚ አትበለኝ፣ እናትህ ነኝ። ይቁሙ በል።»

ሳህኑ ግን ያልኩት ቦታ አረፈ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ነፋስ ነበር። ሴፍቲው ሰሌዳውን ይዞ፣ ፎርማኑ ቆሞ (ወንበር እስካሁን አልተገዛለትም)፣ ባትሪ ከኋላው፣ የቀረው ሠራተኛም ሥራ ያለው መስሎ ዙሪያውን። ማደባለቂያውን አጥፍተውታል። ይህን ያህል ጸጥታ እዚያ ሳይት ላይ ሰምቼ አላውቅም።

«ታች፣ ላይ ነኝ። ትሰማኛለህ?»

ተጫንኩ። አየር ሳብኩ። «...እሰማሻለሁ። እንደምን አደርሽ።»

በራሴ አፍ። ከኋላዬ አንዱ «እማዬስ?» አለ፤ ሴፍቲው ገላመጠው።

ታንከሩ ከጣሪያው ጫፍ ብቅ አለ። ቤት የሚያክል ነገር ነው። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ። በግራ በኩል ሁለት ሜትር አለ። ዝቅ። በቀኝ አንድ ተኩል። ዝቅ፣ ዝቅ። እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ነፋሱ መጣና ታንከሩ ወደ ግድግዳው ዘንበል ሲል... ጠፋኝ። ያ የድሮው ነገር፣ ምላሴ ላይ የሚቀመጠው፣ መጥቶ ቁጭ አለ። ታንከሩ ቆመ። ተንጠልጥሎ መወዛወዝ ጀመረ። ሴፍቲው እስክሪብቶውን አነሳ።

የመጣልህን በል ብላኛለች።

«አሸዋ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አሸዋው የግራው ነው የሚበልጠው። ድመቷ ዛሬ የለችም። እሺ፣ አሁን ረጋ አለ፤ ዝቅ... ዝቅ... በግራ አንድ ሜትር... ዝቅ። ያን ቅዳሜ ወንበሯን ሳያት ራሴን ጠላሁት። ዝቅ... ስልኩ ባይጠራ ብዬ አልተኛሁም። ዝቅ፣ ዝቅ... አምነሽኝ ነበር፣ እኔ ግን አልነበርኩም። አሁን አለሁ። ቀስ... በቀኝ ትንሽ፣ በቃ... ዝቅ። ይህ የተቀዳ አይደለም። እማዬ ትናንት ክሬን ሆናልኝ ነበር፣ ወገቧን አሟታል፣ ሰላም ብላሻለች። ዝቅ... ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሰዓቴን የማየው ስለራበኝ አይደለም። ቀስ... ከአንቺ ጋር ለማውራት ነው። ቀስ... ወደ መጋዘን መሄድ አልፈልግም። አንቺ ያለሽበት መሆን ነው የምፈልገው፣ ታችም ቢሆን። ቀስ... ቀስ... ስትስቂ ቀኔ ይበራል። ቀስ... ሊነካ ነው... ነካ። ቁሚ።»

ታንከሩ ቁጭ አለ። ግድግዳው አልተጫረም።

እጄን ከቁልፉ ላይ ሳነሳ ነው መስመሩ የሁሉም መስመር መሆኑ ትዝ ያለኝ። ባትሪ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ፎርማኑ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፤ እንደዋዛ፣ አፈሩ ላይ።

ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«ታች፣ ጭነቱ ተቀምጧል?»

«ተቀምጧል።»

«ሰንሰለቱ ተፈቷል?»

ሮጬ ፈታሁ። «ተፈቷል።»

«እንግዲያው አሁን ዝም በል። መጣሁ።»

መሰላሉ ረጅም ነው። በየእርከኑ ትታየናለች፤ በመጀመሪያ ነጥብ፣ ከዚያ ቢጫ ሄልሜት፣ ከዚያ ሰው። ማንም ወደ ሥራው አልተመለሰም። ሴፍቲው እንኳ ሰሌዳውን ብብቱ ስር ሸጉጦ አንጋጧል። ወረደች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። ከድምፅዋ አጠር ትላለች። አገጯ ላይ ግራሶ አለ።

«ታዲያ?» አለች።

አንድ ቃል አልወጣኝም። አንድ! ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ?

እጄን ያዘችኝ። እንደተያያዝን ቆምን፣ ሳይቱ ሁሉ እያየ።

«አልፏል» አለ ሴፍቲው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ፎርማኑ ባትሪን ሲጠይቀው ሰማሁ፦ «ይሄን ልጅ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ የለውም እንዴ ሬዲዮው?»

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እሷ ዛሬ ቀድማ አልወጣችም። በሩ ላይ ጠበቀችኝ። እስከ መሰላሉ ድረስ አብረን ሄድን፤ እርምጃው አጭር ነው፣ ወሬው አላለቀም፣ ስትወጣም በሬዲዮ ቀጠልነው። ሴፍቲው መስመሩ ለሥራ ነው ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ረዘም አድርጌ። መሃል ላይ «በቃ፣ በቃ ገብቶኛል» ብሎኝ ሄደ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው ይህን ደብተር ካልከፈትኩት። ዛሬ ቁጭ አልኩ፣ እስክሪብቶ ያዝኩ... ስለ ክሬኑ ልጽፍ አሰብኩ፣ እሷ ታውቀዋለች። እማዬ ዛሬ ስላለቻት ነገር ልጽፍ አሰብኩ፣ ስትላት እሷ ነበረች። ስለምፈራው ነገር ልጽፍ አልኩ፤ እሱንም ማምሻውን እየሸኘኋት መንገድ ላይ ነግሬያታለሁ።

ሁሉንም ነግሬያታለሁ። የምጽፈው አልቀረኝም።